የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ የት ይዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 14 ዓመቱ ሲሆን ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ከትምህርት ቤት ይለቀቃል። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ የማታ ፈረቃ ስለምሠራ፣ ባለቤቴም ታክሲ ስለሚነዳ፣ የ7 ዓመት እህቱን ተቀብሎ የሚጠብቃት እሱ ነው። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ከትምህርት በኋላ በሚሰጠው ፕሮግራም እንዳስመዘግበው ደጋግማ ነግራኛለች። ከጥናቱ አያዘናጋውም? ይህን ያህል ካደገ በኋላስ ጠባቂ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን አይተውም፤ የሚጠብቀውም ሰው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ ልጅዎ እህቱን ቢጠብቅ ሕግ አልጣሰም። ይሁን እንጂ በየቀኑ የታላቅነት ኃላፊነት የሚሸከም ልጅ ከእኩዮቹና ከወላጆቹ ውጭ ካሉ አዋቂዎች ጋር የሚውልበት ጊዜ አያገኝም፤ እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው።

ፕሮግራሙ ጥበቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥጋትዎን እንጋራ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመና የበርካታ ፕሮግራሞችን ግምገማ በአንድነት የመረመረ ጥናት፣ ክህሎትን ደረጃ በደረጃና በተግባር የሚያስተምሩት የተማሪዎችን ጠባይም ሆነ የትምህርት ውጤት ሲያሻሽሉ፣ ይህን የማያደርጉት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጡ አሳይቷል። ስለሆነም በዕረፍት ቀንዎ ሄደው በዓይንዎ ይዩት። ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው የመሄጃ ሰዓት የሚጠብቁ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ፤ አስተማሪው አጠገባቸው ተቀምጦ አልጀብራ ሲያሠራቸው ወይም ለክርክር ውድድር ሲያዘጋጃቸው ካገኙ ግን ለጥናቱ ድጋፍ እንጂ መዘናጊያ አይሆንበትም። የሚሳተፍበትን ዘርፍ እሱ ራሱ ይምረጥ፤ በዚህ ዕድሜ ተገዶ የገባ ልጅ ብዙ አይቆይም። በሜሪላንድ ለመመረቅ የሚጠየቀውን የ75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ታናናሾቹን በማስጠናት ማሟላት ይችል እንደሆነም አማካሪዋን ይጠይቁ።

ክፍያው እንዳያስጨንቅዎ፣ የፌዴራሉ መንግሥት የ21ኛው ክፍለ ዘመን የማኅበረሰብ የትምህርት ማዕከላት በሚል ስም ገንዘብ የሚመድብላቸው ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዳንዶቹ ለወላጆችም ትምህርት ይሰጣሉ። ለትንሿ ልጅዎ ደግሞ ክፍለ ግዛቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሠራተኛ ወላጆች የሚሰጠው የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ አለ፤ ወረፋ ሊኖረው ስለሚችል ማመልከቻውን አያዘግዩ። ዘግይተው ለሚወጡ ተማሪዎች አውቶቡስ መኖሩንና በየትኞቹ ቀናት እንደሚሠራ አስቀድመው ያጣሩ። ከአማካሪዋ ጋር ሲነጋገሩ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ መጠየቅ መብትዎ ነው።