ፖሊቶፕን ለመከፋፈል የትኛውን ስልተ ቀመር ልምረጥ?

ጥያቄ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ሴጅ በተባለው የኦፕን ሶርስ የሒሳብ ሶፍትዌር የፖሊቶፖችን (በየትኛውም የአውታር ብዛት ጠፍጣፋ ገጾች ያሏቸው ቅርጾች) ይዘት እያሰላሁ ነው። ባለ ሦስት አውታሩ ኪዩብ ወደ ሲምፕሌክሶች (በሁለት አውታር ሦስት ማዕዘን፣ በሦስት አውታር ደግሞ ቴትራሄድሮን የሚባለው ባለ አራት ገጽ ፒራሚድ፣ ወዘተ) የሚከፋፈልባቸውን መንገዶች ሁሉ እንዲዘረዝርልኝ ሳዘው ወዲያውኑ 74 ሰጠኝ። ባለ አራት አውታሩን ሳዘው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ሜሞሪ ጨርሶ ቆመ። ቶፕኮም የተባለውን ተጨማሪ ጥቅል ልጫን ወይስ ሌላ ስልተ ቀመር ልምረጥ? ወደፊት እስከ አሥር አውታር ድረስ መሄድ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ይዘት ለማስላት ከሆነ አንድ ክፍፍል ይበቃዎታል፤ የትኛውም ክፍፍል ቢመረጥ የሲምፕሌክሶቹ ይዘት ተደምሮ ያው ነውና። እርስዎ ግን ሶፍትዌሩን ሁሉንም ቁጠርልኝ ብለውታል። ባለ አራት አውታሩ ኪዩብ 92,487,256 ክፍፍሎች አሉት። አንዱ ክፍፍል እስከ 24 ሲምፕሌክሶች፣ አንዱ ሲምፕሌክስ ደግሞ 5 ማዕዘኖች ስላሉት፣ እያንዳንዱን ማዕዘን በአንድ ባይት ብቻ ብንመዘግብ እንኳ ዝርዝሩ ወደ 11 ጊጋባይት ሊጠጋ ይችላል፤ ሴጅ የሚጠቀምበት ፓይተን ደግሞ በአንድ ባይት የሚረካ ቋንቋ አይደለም። በሴጅ «ትሪያንጉሌት» የሚለው ትእዛዝ አንድ ክፍፍል ብቻ ሲሰጥ «ትሪያንጉሌሽንስ» የሚለው ሁሉንም ይዘረዝራል፤ የስማቸው መመሳሰል ያሳሳተው እርስዎን ብቻ አይመስለኝም።

ቶፕኮምን በተመለከተ፣ አንድ ክፍፍል ለማግኘትም ሆነ ከአንዱ ተነሥቶ በትንንሽ ቅያሬዎች (ጥቂት ሲምፕሌክሶችን ያንኑ ቦታ በሚሞሉ ሌሎች በመተካት) የሚደረስባቸውን ለመዘርዘር ሴጅ የራሱ ኮድ ስላለው ጥቅሉ የግድ አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልገው ለምሳሌ ሬጉላር የሚባሉትን (ነጥቦቹ በአንድ ተጨማሪ አውታር ወደ ተለያየ ከፍታ ተነሥተው የታችኛው ሽፋናቸው ወደ ታች ሲጣል የሚገኙትን) ክፍፍሎች ብቻ ለይተው ማውጣት ሲፈልጉ ነው። በቅያሬ መዘርዘር ሬጉላሮቹን አንድም ሳያስቀር ያገኛል፤ የቀሩትን ሁሉ ለማግኘቱ ግን በጠቅላላው ዋስትና የለም። ፍራንሲስኮ ሳንቶስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ሥራ፣ ክፍፍሎቻቸው በቅያሬ እርስ በርስ የማይገናኙ ነጥቦች በስድስት አውታር ውስጥ እንዳሉ አሳይቷል። የእርስዎ ባለ አራት አውታር ኪዩብ ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው፤ የክፍፍሎቹ መረብ የተያያዘ መሆኑ ተረጋግጧል።

አንድ ክፍፍል ለማግኘት ከተለመዱት መንገዶች አንደኛው ፕሌሲንግ ይባላል። ነጥቦቹ በተራ አንድ በአንድ ይጨመራሉ፤ አዲሱ ነጥብ እስካሁን ከተሠራው አካል ውጭ ከዋለ፣ በእሱ ላይ ቆመን ብንመለከት ፊት ለፊት ከሚታዩን ገጾች ጋር ሁሉ ይያያዛል። ውጤቱን የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ተራው ካላማረ በመካከል የሚፈጠሩት አካላት ከመጨረሻው ይልቅ እጅግ ብዙ ገጽ ሊኖራቸው ይችላል። ሁለተኛው ፑሊንግ ነው፤ አንድ ማዕዘን ይመረጥና ያን ማዕዘን የማይነኩት ገጾች በየራሳቸው ከተከፋፈሉ በኋላ ከእሱ ጋር ይጋጠማሉ።

ወደ አሥር አውታር ሲሄዱ ግን የሚያሳስበው ሌላ ነው። ማንኛውንም ማዕዘን የማይነኩት የባለ n አውታር ኪዩብ ገጾች n ስለሆኑ፣ እያንዳንዳቸውም አንድ አውታር ያነሰ ኪዩብ ስለሆኑ፣ ፑሊንግ በአሥር አውታር 10×9×8×…×1፣ ማለትም 3,628,800 ሲምፕሌክሶች ይሰጣል። ኪዩቡ ግን 1,024 ማዕዘኖችና 20 ገጾች ብቻ ነው ያሉት። በየማዕዘኑ የሚገናኙት ገጾች ቁጥር ከአውታሩ ቁጥር ጋር እኩል ለሆነባቸው፣ ሲምፕል ለሚባሉ እንዲህ ላሉ ፖሊቶፖች፣ ጂም ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረበው ቀመር ለአንድ ማዕዘን አንድ ተደማሪ ብቻ ስለሚጠይቅ 1,024 ተደማሪዎች ይበቁታል። ጉድለቱ ተደማሪዎቹ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያላቸው ግዙፍ ቁጥሮች ሆነው እርስ በርስ ሊጣፉ መቻላቸው ነው፤ ስለዚህ በአስርዮሽ ግምት ሳይሆን በክፍልፋይ፣ በትክክለኛው ስሌት መሥራት ይገባል። ኖርማሊዝ የተባለው ሶፍትዌር ከዚህ ጋር የሚዛመደውን ባለ ምልክት ክፍፍል፣ መደበኛውን ክፍፍል፣ እንዲሁም በገጾች ተዋረድ ቁልቁል የሚወርድ ሦስተኛ ስልት ያቀርባል፤ ከሴጅም ሊጠራ ስለሚችል እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር። በተቃራኒው የፖሊቶፕዎ ገጾች ራሳቸው ሲምፕሌክሶች ከሆኑ፣ ክፍፍሉ ያዋጣል። ሁሉንም ዓይነት የሚያሸንፍ ስልት አይጠብቁ፤ ይዘትን በትክክል ማስላት በጠቅላላው ከባድ ችግር መሆኑን ማርቲን ዳየርና አላን ፍሪዝ እ.ኤ.አ. በ1988 አረጋግጠዋል።

ጥያቄ፦ የጻፍሁት የፍተሻ ኮድ በእኔ ኮምፒውተር ያልፋል፣ በባልደረባዬ ኮምፒውተር ይወድቃል። ያው ኪዩብ ለእኔ 6፣ ለእሱ 5 ቴትራሄድሮን ይሆናል። ስሕተቱ የማን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ክፍፍሎች ትክክል ናቸው። በስድስቱ፣ እያንዳንዱ የኪዩቡን 1/6 ይይዛል፤ በአምስቱ ደግሞ አራቱ የማዕዘን ቁራጮች 1/6 ሲሆኑ መካከለኛው 1/3 ነው። ምናልባት ከበስተጀርባ የሚሠራው ፕሮግራም ወይም የነጥቦቹ ተራ ተለይቶ ይሆናል። ፍተሻው የሲምፕሌክሶቹን ዝርዝር ከዝርዝር ጋር ማወዳደር የለበትም፤ የይዘታቸው ድምር ትክክል መሆኑን፣ እንዲሁም ሁለት ሲምፕሌክሶች ሲገናኙ በጋራ ገጽ ብቻ መገናኘታቸውን ይመርምር። ድምሩ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ጋ የተደራረበው ሌላው ጋ የጎደለውን ሊሸፍን ይችላል። ያው ዝርዝር የግድ ካስፈለገዎት ፕሮግራሙንም የነጥቦቹንም ተራ በኮዱ ውስጥ ይወስኑ። ሳይፓይ የተባለውን የፓይተን የሳይንስ ስሌት ጥቅል የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከበስተጀርባው ያለው ኪውሃል የተባለ ፕሮግራም በአስርዮሽ ግምት እንደሚሠራ ያስታውሱ። የኪዩቡ ስምንት ማዕዘኖች በአንድ ሉል ላይ ስለሚውሉ የደላኔ ክፍፍሉ (በየሲምፕሌክሱ ማዕዘኖች የሚያልፈው ሉል በውስጡ ሌላ ነጥብ የማይይዝበት ክፍፍል) አንድ ብቻ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይዘታቸው ዜሮ የሆነ ጠፍጣፋ ሲምፕሌክሶች ከዝርዝሩ ውስጥ ሊገኙ ስለሚችሉ አስቀድመው ያጣሯቸው።