የቤት ብድርን ቀድሞ ስለ መክፈልና ስለ ልጆች ማቆያ ወጪ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ ወላጆች የተላኩ ናቸው። የሁሉም ጭንቀት አንድ ነው፤ የቤቱን ብድር ቶሎ ከፍሎ መገላገል ይፈልጋሉ፣ የልጆች ማቆያ በየወሩ ይከፈላል፣ ደመወዙ ግን ያው ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ብድሬን ከጊዜው ቀድሜ ብከፍል ባንኩ ይቀጣኛል ወይ?

በአብዛኛው አይቀጣዎትም። ኤፍ ኤች ኤ እና ቪ ኤ በሚባሉት የመንግሥት ዋስትና ባላቸው ብድሮች ላይ እንዲህ ያለ ቅጣት የለም፤ ከጥር 2014 ወዲህ በተሰጡ ሌሎች የመኖሪያ ቤት ብድሮችም ቢሆን፣ ቅጣት ቢኖር እንኳ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አያልፍም። የፈረሙትን የብድር ውል አውጥተው ስለ ቅድሚያ ክፍያ የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ አባት ለአሥር ወራት በየወሩ 300 ዶላር ጨምረው ቢከፍሉም ዕዳው እንዳሰቡት አልወረደላቸውም። ወደ ባንኩ ሲደውሉ ‹‹የሚቀጥለውን ወር ከፍለው ጨርሰዋል›› ተባሉ። ተጭበርብሬአለሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

አልተጭበረበሩም፤ ነገር ግን ገንዘብዎ ያለቦታው ገብቷል። ተጨማሪ ክፍያ ሲልኩ ለምን እንደሆነ ካልገለጹ፣ ባንኩ አጠራቅሞ ለሚመጣው ወር መደበኛ ክፍያ ሊያውለው ይችላል፤ ያ ክፍያ ደግሞ በአመዛኙ ወለድ ነው። በባንኩ ድረ ገጽ ሲከፍሉ ለፕሪንሲፓል፣ ማለትም ለዋናው ብድር፣ በተለየው ሣጥን ውስጥ 300 ብለው ይሙሉ። በቼክ የሚከፍሉ ከሆነ ለብቻው ሌላ ቼክ ጽፈው ከታች በግራ በኩል ባለው የማስታወሻ መስመር ላይ የብድር ቁጥርዎንና ‹‹ፕሪንሲፓል ኦንሊ›› የሚለውን ያስፍሩ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ብድርዎ 400,000 ዶላር፣ ወለዱ 6.5 በመቶ፣ ዘመኑም 30 ዓመት ስለሆነ፣ ግብሩና ኢንሹራንሱ ሳይጨመር በወር 2,528 ዶላር ይከፍላሉ፤ ከዚህም ውስጥ በመጀመሪያው ወር 2,167 ዶላር ለወለድ ሲሄድ ዕዳውን የሚቀንሰው 361 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ላይ 300 ዶላር በትክክለኛው ቦታ ሲገባ ዕዳው የሚወርድበት ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያለፉት አሥር ክፍያዎች ወደ ዋናው ብድር እንዲዛወሩልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በስልክ የተነገረዎትን ብቻ ይዘው አይቀመጡ።

ከሎርተን፦ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ክፍያ እየሰበሰበ ብድሩን ቀድሞ የሚያስጨርስ ድርጅት የመመዝገቢያ ገንዘብ ይጠይቃል። ልመዝገብ?

አይመዝገቡ። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ መክፈል በዓመት 13 ሙሉ ክፍያ ይሆናል፤ ወርሃዊ ክፍያዎን ለ12 አካፍለው ድርሻውን በየወሩ ለዋናው ብድር ቢጨምሩ ለማንም ሳይከፍሉ ያንኑ ውጤት ያገኛሉ።

ከዉድብሪጅ የደረሰኝን የአንዲት እናት ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቤታቸውን የገዙት በ2021፣ በ3 በመቶ ወለድ ነው፤ የአራትና የሁለት ዓመት ልጆች አሏቸው። ለሁለቱ ልጆች ዴይኬር በወር ይከፍሉት የነበረውን 2,900 ዶላር ባለፈው ዓመት አቁመው፣ ባለቤታቸው ቀን፣ እርሳቸው ደግሞ በአረጋውያን መንከባከቢያ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት መሥራት ጀመሩ። ከተረፈው ላይ 1,500 ዶላር በየወሩ ለቤቱ ዋና ብድር ይገባል፤ የባለቤታቸው ዕቅድ ቤቱን በአሥር ዓመት ከፍሎ መጨረስ ነው። በክሬዲት ካርድ ላይ ደግሞ 22 በመቶ የሚወለድበት 7,000 ዶላር ዕዳ አለ። እናትየዋ የሚተኙት ትንሹ ልጅ ሲተኛ ብቻ ነው። ‹‹ባለቤቴ ትንሽ ታገሺ ይለኛል፤ እኔ ግን ደከመኝ። ተሳስቼ ነው ወይ?›› ይላሉ።

አልተሳሳቱም። ይህን መልስ ከባለቤትዎ ጋር አብረው እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ፤ እርሳቸውም ለቤተሰባቸው የሚደክሙ ሰው መሆናቸው ከደብዳቤዎ ይታየኛል። ብዙዎቻችን ያደግነው ዕዳ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ቤት ነው፤ ወላጆቻችን ከጎረቤት የተበደሩትን ሳይመልሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። በዚያ ቤት ላደገ ሰው የ30 ዓመት ብድር ተሸክሞ መኖር እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሆኖም ዕዳ ሁሉ እኩል አይደለምና ሒሳቡን ረጋ ብለን እንየው።

በዓመት ለቤቱ የምትጨምሩት 18,000 ዶላር ነው። በ3 በመቶ ሲሰላ ይህ ገንዘብ ከዚያ በኋላ በዓመት የሚያስቀርላችሁ ወለድ 540 ዶላር፣ በወር 45 ዶላር ማለት ነው። የካርዱ 7,000 ዶላር ግን ሳይነካ ከቆየ በአንድ ዓመት 1,540 ዶላር ገደማ ወለድ ያስከፍላችኋል። ርካሹን ዕዳ እያሳደዳችሁ ውዱን አስቀምጣችሁታል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 1,500 ዶላሩን ወደ ካርዱ ብታዞሩትና በካርዱ ላይ አዲስ ወጪ ባትጨምሩበት በአምስት ወር ያልቃል።

ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ሌላም ነገር አለ። ለዋናው ብድር የገባ ገንዘብ በቀላሉ ተመልሶ አይወጣም። ባለቤትዎ ነገ ሥራ ቢያጡ፣ ባንኩ ‹‹እስከ ዛሬ አብዝታችሁ ከፍላችኋልና ሁለት ወር እረፉ›› አይላችሁም፤ የወሩ ክፍያ በወሩ ይጠየቃል። ቤቱን አስይዞ እንደገና ለመበደር ደግሞ ገቢ ማሳየት ግድ ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? የሦስት ወር፣ ቢቻል የስድስት ወር ወጪ በቁጠባ ሒሳብ ሳይቀመጥ በ3 በመቶ የተገኘ ብድርን ለመጨረስ መሮጥ፣ ችግር በመጣ ዕለት ቤት ያለው ግን ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ያደርጋችኋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያንን ሲያነሡና ሲያገላብጡ አድረው፣ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና መኪና ነድተው ቤት ከገቡ በኋላ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ብቻዎን መጠበቅ ለእርስዎም ለልጁም አደገኛ ነው። ቤት ውስጥ ምድጃ አለ፣ ደረጃ አለ፣ የመታጠቢያ ገንዳ አለ፤ እንቅልፍ የጣለው ሰው ደግሞ ልጁ ከአጠገቡ መነሣቱን እንኳ አያውቅም። ስለ እንቅልፍዎ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ይህን ለደንቡ ያህል አልጻፍኩትም፤ በዚህ ሳምንት ደውለው ቀጠሮ ይያዙ።

የዴይኬር ዓመታት ውድ ቢሆኑም አጭር ናቸው። በቨርጂኒያ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በሕዝብ ትምህርት ቤት ያለክፍያ ኪንደርጋርተን ይገባል፤ ስለዚህ ለታላቁ ልጅ የቀራችሁ ጊዜ ትንሽ ነው። የካርዱ ዕዳ ሲዘጋ 1,500 ዶላሩን ለሁለት ከፍላችሁ፣ አንዱን ድርሻ ለመጠባበቂያ ቁጠባ፣ ሌላውን ደግሞ ትንሹ ልጅ ቢያንስ እርስዎ ከሌሊት ሥራ በሚወጡባቸው ቀናት ዴይኬር እንዲውል አድርጉት። ካርዱ እስኪዘጋ ድረስ መጠበቅ የማይቻል ከሆነም ዴይኬሩ ይቅደም። ከሁለት አንዳችሁ መሥሪያ ቤት ‹‹ዲፔንደንት ኬር ኤፍ ኤስ ኤ›› የሚባለው ሒሳብ መኖሩን ጠይቁ። በዚህ ሒሳብ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ማቆያ የሚሆን ገንዘብ ከደመወዝ ላይ ታክስ ሳይነካው ይቀመጣል፤ ጣሪያው ለቤተሰብ እስከ 2025 ድረስ 5,000 ዶላር የነበረ ሲሆን ከ2026 ጀምሮ 7,500 ዶላር ሆኗል። ምዝገባው በአብዛኛው በመጸው ወራት ስለሆነ ቀኑ እንዳያመልጣችሁ። ገቢያችሁ የሚፈቅድ ከሆነም በአካባቢያችሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ በኩል ለዴይኬር ድጎማ ማመልከት ይቻላል። ሁለቱም ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ የዴይኬሩን ገንዘብ ወደ ቤቱ ብታዞሩት እኔ የምቃወምበት ምክንያት አይኖረኝም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ጥያቄ ከሃያትስቪል ደርሶኛል። ባልና ሚስት የ20,000 ዶላር እቁብ ወጥቶላቸው፣ ባል ሁሉም ቤቱ ላይ ይግባ ሲሉ ሚስት ይቆይ ይላሉ። እቁቡ አርባ አባላት በየሳምንቱ 500 ዶላር የሚጥሉበት ነው፤ ዕጣው የደረሳቸው በስድስተኛው ሳምንት ነው።

ሚስት ትክክል ናቸው። በስድስተኛው ሳምንት እቁብ የወጣለት ሰው የጣለው 3,000 ዶላር ነው፤ ቀሪው 17,000 በ34 ሳምንታት ለእቁብተኞቹ የሚመለስ ዕዳ ነው። ወለድ የለበትም፤ ነገር ግን በላዩ ያለው የሰው እምነት ነው። ዕጣው ካለቀ በኋላ የሚተርፍ ካለ ግን አንድ ዘዴ ላመልክታችሁ፤ ‹‹ሪካስት›› ይባላል። ዳጎስ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለዋናው ብድር ስትከፍሉ፣ ባንኩ ወለዱንና ዘመኑን ሳይቀይር ወርሃዊ ክፍያውን ዝቅ አድርጎ ያሰላዋል፤ ለዴይኬር ከፋይ ቤተሰብ በየወሩ የሚያርፍ ጫና ይቀንሳል። በኤፍ ኤች ኤና በቪ ኤ ብድሮች ላይ በአብዛኛው አይሠራም። ለብድሩ ፒ ኤም አይ የተባለውን ኢንሹራንስ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ፣ ዕዳው ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲሰረዝላችሁ በጽሑፍ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከፎልስ ቸርች፦ ልጄን የሚጠብቁልኝ አገር ቤት የማውቃቸው እናት ናቸው፤ በራሳቸው ቤት ነው የሚጠብቁልኝ፣ የምከፍላቸውም በጥሬ ገንዘብ ነው። ታክስ ሳስገባ ለዚህ ወጪ የታክስ ቅናሽ ልጠይቅበት እችላለሁ?

የጠባቂዋን ስም፣ አድራሻና የታክስ ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌለዎት አስቸጋሪ ነው፤ በቅጽ 2441 ላይ ይሞላልና። ቁጥሩን ከመጀመሪያው በአክብሮት ይጠይቋቸው፤ በየወሩም ደረሰኝ ይቀበሉ። ቀሪውን የታክስ ባለሙያዎ ይነግርዎታል።

ከጌይተርስበርግ፦ እናቴን በጎብኚ ቪዛ አምጥቼ ልጆቼን ቢጠብቁልኝ በወር 2,000 ዶላር ይተርፈኝ ነበር፤ እርሱን ለቤቴ ልክፈልበት?

ይህን ጥያቄ በጋዜጣ ዓምድ ላይ አልመልስም፤ እርስዎም ከሠርግና ከለቅሶ ቤት በተሰማ ምክር አይወስኑ። የጎብኚ ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ የሚፈቀደው የቆይታ ጊዜም በአብዛኛው ከስድስት ወር አይበልጥም፤ በእናትዎ ላይ የሚደርሰው ስህተት ወደፊት ልጅዎን እንዳያዩ ሊያደርግ ይችላል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ሳይቀርቡ ትኬት አይቁረጡ። ለመምጣት ከተፈቀደላቸውም የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ሳይገዙላቸው አይቀበሏቸው፤ የአንድ ሌሊት ሆስፒታል ሒሳብ የዓመት ቁጠባዎን ሊወስደው ይችላል። እናትን ለማየት ማምጣት መልካም ነው፤ የቤት ብድር ዕቅድን በሰባ ዓመት ሴት ትከሻ ላይ መጫን ግን አግባብ አይመስለኝም።

ከሲያትል፦ ወንድሜ በአዲስ አበባ 20/80 (20 በመቶው በገዢው፣ 80 በመቶው በባንክ ብድር የሚከፈል) ኮንዶሚኒየም ደርሶታል። የባንክ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ልክፈልለት?

የራስዎ ልጆች ዴይኬር ላይ ካሉ አይቸኩሉ። የወንድምዎ ዕዳ በብር ነው። ሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ ያ ዕዳ በዶላር ሲታይ ግማሽ ያህል ቀልሏል። ወርሃዊውን ክፍያ እያገዙ በሕጋዊ መንገድ መላክ ይበቃል።

አንድ የቨርጂኒያ አንባቢ ሙስሊም መሆናቸውን ገልጸው፣ በወለድ የገዙት ቤት ኅሊናቸውን ስለሚያስጨንቃቸው ትርፍም ኪሳራም ሳይሉ ቀድመው መክፈል እንደሚፈልጉ ጽፈዋል።

ለእርስዎ የወለዱ መጠን ዋናው ጉዳይ ስላልሆነ ከላይ ለዉድብሪጇ እናት ያቀረብኩትን ስሌት በእርስዎ ላይ አልጭንም። ሃይማኖታዊውን ጎን የሚያምኗቸውን ዓሊም ይጠይቁ። ከወለድ ነፃ የቤት ፋይናንስ የሚሰጡ ድርጅቶች በቨርጂኒያም ስላሉ ብድሩን ወደ እነርሱ ማዛወር ያዋጣዎት እንደሆነ ያስጠኑ። የልጆቹን ወጪና የመጠባበቂያውን ገንዘብ ግን አይንኩ።

ከቦዊ የጻፉት የመጨረሻው አንባቢ በሚቀጥለው ወር ከፍለው ይጨርሳሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ከዚያ በኋላ ምን ይቀረኛል ይላሉ።

ከወርሃዊው ክፍያ ጋር በኢስክሮ፣ ማለትም ለዚሁ በተለየ ሒሳብ፣ ሲሰበሰብ የነበረው የንብረት ግብርና የቤት ኢንሹራንስ ከእንግዲህ በቀጥታ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ በየወሩ ለብቻው እያስቀመጡ ይቆዩ። በኢስክሮ ውስጥ የቀረው ገንዘብ እንዲመለስልዎ ይከታተሉ። ዕዳው መነሣቱን የሚገልጸው ሰነድ በካውንቲው የመሬት መዝገብ መግባቱን ራስዎ ያረጋግጡና አንድ ቅጂ ይያዙ፤ ባንኩ ይልከዋል ብለው ብቻ አይተዉት።