በላፕቶፕ ላይ ስለሚጫኑ ተጋላጭ መተግበሪያዎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለመለማመጃ ሲባል ሆን ተብሎ የደኅንነት ክፍተት የተተወባቸውን የድር መተግበሪያዎች በተመለከተ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል የተወሰኑትን አሳጥሬ እመልሳለሁ።

አንድ ጀማሪ ከዲቪደብሊውኤ፣ ከጁስ ሾፕና ከዌብጎት የትኛውን ላስቀድም ይላሉ፤ ላፕቶፓቸው ያለው ራም 4 ጊጋባይት ብቻ መሆኑም አሳስቧቸዋል።

ኮዱ አጭርና በቀላሉ የሚነበብ ስለሆነ በፒኤችፒ የተጻፈውን ዲቪደብሊውኤን ያስቀድሙ። ጁስ ሾፕ በጃቫስክሪፕት የተሠራ የጭማቂ መሸጫ ድረ ገጽ መስሎ የቀረበ ሲሆን ከዛሬዎቹ መተግበሪያዎች ጋር የሚቀራረበውም እርሱ ነው፤ በጃቫ የተጻፈው ዌብጎት ደግሞ እያብራራ ስለሚያስኬድ መምህር ለሌለው ሰው ይመቻል። ካሊ ሊኑክስን (የደኅንነት ሙከራ መሣሪያዎች የተጫኑበትን ሥርዓተ ክወና) በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ሶፍትዌር፣ ካልደረቡበት በቀር ራሙ ይበቃዎታል፤ ለመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ከብራውዘር ሌላ ምንም አያስፈልግም።

«ዲቪደብሊውኤ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል።»

የተጠቃሚ ስሙ «አድሚን»፣ የይለፍ ቃሉ «ፓስወርድ» ነው፤ ሁለቱም በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ፤ የመጫኛ መመሪያውም ይህንኑ ይናገራል።

ሌላ አንባቢ መተግበሪያው ከዳታቤዙ ጋር አልገናኝ ብሏቸዋል። ማሪያዲቢ የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ከሆነ «ሩት» በሚለው ዋና ተጠቃሚ መግባት ስለማይቻል ለመተግበሪያው የተለየ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ይፍጠሩና ስሙንና የይለፍ ቃሉን በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ይጻፉ፤ ከዚያም በማዋቀሪያው ገጽ ላይ ዳታቤዙን የሚፈጥረውን ቁልፍ ይጫኑ። ከዚህ በኋላም እንቢ ካለ አጠገብዎ ያለ የሊኑክስ ሰው ይጠይቁ።

በተማሪዎች ማደሪያ የሚኖሩ አንባቢ ጁስ ሾፕን በዶከር (መተግበሪያን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ በሚያስነሣ ሶፍትዌር) አስነሥተው፣ የኡቡንቱን ፋየርዎል ዩኤፍደብሊውን ሥራ አስጀምረው ሳለ የጎረቤት ክፍል ተማሪ ገጹን በስልኩ ከፍቶ አሳይቷቸዋል። ፋየርዎሉ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ዶከር አንድን ፖርት (የኔትወርክ በር) ሲከፍት የራሱን ደንብ በቀጥታ ወደ አይፒቴብልስ፣ ማለትም ወደ ሊኑክስ የኔትወርክ ማጣሪያ፣ ስለሚያስገባ የዩኤፍደብሊው ክልከላ አያግደውም፤ አድራሻ ሳይጠቀስ 3000:3000 ተብሎ የተሰጠ ትእዛዝም በኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻዎች ሁሉ ላይ በሩን ይከፍታል። 127.0.0.1:3000:3000 ብለው ቢጽፉት መተግበሪያው ከራስዎ ኮምፒውተር በቀር ለማንም አይታይም። ልምምዶቹን በቨርቹዋል ማሽን የምታካሂዱም በቨርቹዋልቦክስ የኔትወርክ ምርጫ ውስጥ ማሽኑን በጋራው ኔትወርክ ላይ የሚያወጣውን «ብሪጅድ» ትታችሁ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ጋር ብቻ የሚያገናኘውን «ሆስት ኦንሊ» ምረጡ። በዲቪደብሊውኤ ውስጥ ገጹን የከፈተ ሰው በማሽኑ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ እንዲያስኬድ የሚፈቅድ ልምምድ አለ፤ የጋራ ዋይፋይ ላይ እንዲህ ያለ ገጽ ክፍት የሚተው ሰው የሚያጠምደው ራሱን ነው። የዛሬው ጎረቤት ስላሳየዎት ያመስግኑት።

«የኤስኪውኤል ኢንጀክሽኑን ሎውና ሚዲየም በኤስኪውኤልማፕ በደቂቃዎች ጨረስኳቸው፤ ሃይ ግን እንቢ ብሎኛል፤ የተሻለ መሣሪያ ይጠቁሙኝ» ያሉ አንባቢም አሉ። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን በመጻፊያ ሳጥን በኩል ለዳታቤዙ የራስን ትእዛዝ ማስገባት ነው፤ ኤስኪውኤልማፕ ይህን በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ሲሆን ሎው፣ ሚዲየም፣ ሃይና ኢምፖሲብል ደግሞ የዲቪደብሊውኤ አራት የጥበቃ ደረጃዎች ናቸው።

አልጠቁምም፤ ምክንያቱም እስካሁን የተማረው መሣሪያው እንጂ እርስዎ አይደሉም። በእያንዳንዱ ልምምድ ገጽ ግርጌ ምንጭ ኮዱን የሚያሳይና አራቱን ደረጃዎች ለማነጻጸር የሚያስችል ቁልፍ አለ፤ ከመተግበሪያው ሁሉ እጅግ የሚጠቅመው ይህ ሆኖ ሳለ ብዙዎች ሳይነኩት ያልፋሉ። በሎው ላይ ተጠቃሚው የጻፈው ነገር በነጠላ ጥቅስ ምልክቶች መካከል እንዳለ ለዳታቤዙ ወደሚላከው መጠይቅ ስለሚገባ፣ አንድ የጥቅስ ምልክት የጨመረ ሰው ከተሰጠው ቦታ ወጥቶ የራሱን ትእዛዝ መጻፍ ይችላል። በሚዲየም ላይ ፕሮግራመሩ የጥቅስ ምልክትን የሚያመክን ተግባር ጨምሯል፣ የመጻፊያውንም ሳጥን በተቆልቋይ ምርጫ ተክቷል፤ ነገር ግን ቁጥሩ በመጠይቁ ውስጥ ያለ ጥቅስ ስለተቀመጠ አጥቂው ከመነሻው ጥቅስ አያስፈልገውም፣ ተቆልቋዩም የሚገድበው ብራውዘሩን እንጂ ወደ ሰርቨሩ የሚላከውን ጥያቄ አይደለም። በእኔ ግምት «አስተካክለነዋል» ተብሎ የሚቀርብልን ኮድ አብዛኛው እዚህ ደረጃ ላይ የቆመ ነው።

እንቢ ያለዎት ሃይ ላይ ግብአቱ በሌላ መስኮት ተጽፎ በሴሽን (ሰርቨሩ ስለ ተጠቃሚው በሚይዘው ማስታወሻ) በኩል ወደ ዋናው ገጽ ይደርሳል፤ መሣሪያዎ ግራ የተጋባውም ግብአቱ የሚላክበት ገጽና ውጤቱ የሚታይበት ገጽ ስለሚለያዩ ነው። መጠይቁን ግን ቢያነቡት ከሎው የሚለየው መጨረሻው ላይ በተጨመረው፣ ውጤቱን በአንድ መስመር በሚገድበው «ሊሚት 1» ብቻ ሲሆን እርሱንም አንድ የአስተያየት ምልክት (ዳታቤዙ ከእርሱ በኋላ ያለውን እንዲዘለው የሚያደርግ) ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ኢምፖሲብል የተባለው ደረጃ ግብአቱ ቁጥር መሆኑን ከመረመረ በኋላ መጠይቁን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ግብአቱን ለብቻው ስለሚያስተላልፍ፣ ተጠቃሚው የጻፈው ምንም ይሁን ምን ትእዛዝ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ኤስኪውኤልማፕን ዘግተው አራቱን ጎን ለጎን ያንብቡ፣ ሎውን በራስዎ እጅ ወደ ኢምፖሲብል ይለውጡት፣ ከዚያ በኋላ የቀድሞ ጥቃትዎን መልሰው ይሞክሩበት።

ሥራ ያመለከቱበት ድርጅት መግቢያ ገጽ ላይ አንድ የጥቅስ ምልክት ጽፈው የዳታቤዝ ስሕተት ያዩ ወጣት፣ «ለመርዳት ያህል» እስከ ምን ድረስ ልቀጥል ብለው ይጠይቃሉ።

እዚያው ያቁሙ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት ወንጀል ነው፤ በጎ ሐሳብ ደግሞ ፈቃድን አይተካም። ለድርጅቱም ሆነ ለሌላ ለማንም አንድ መስመር ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ይህን ለወግ ያህል አላልኩም፣ ቀጠሮውን ዛሬ ይያዙ። እስከዚያው ድረስ ገጹን መልሰው አይክፈቱት።

በመጨረሻም አንድ መምህር የዳታ ወጪ ከብዷቸው ጁስ ሾፕን ለእያንዳንዱ ተማሪ ማውረድ ግድ ነው ወይ ብለዋል። ግድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ያወረዱትን ኢሜጅ (የታሸገውን መተግበሪያ) «ዶከር ሴቭ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፋይል ቀይረው በፍላሽ ያዳርሱት፣ ተማሪዎቹም «ዶከር ሎድ» ብለው ይጫኑት።