ፕሪየስ ወይስ ፕሪየስ ፕራይም? መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን ቁጠር

ወንድሜ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት እንደምትኖርና ዲሲ ውስጥ ሰው ልታመላልስበት እንደሆነ ጽፈሃል። በቤንዚንና በባትሪ የሚሄደውን የቶዮታ ተራ ፕሪየስ ልግዛ ወይስ መብራት ላይ የሚሰካውን ፕሪየስ ፕራይም ነው ያልከው። ተራውን ግዛ። እኔ የደረሰብኝ አንተ ላይ እንዳይደርስ ነው።

1. ወንበር ቁጠር። እኔ አልቆጠርኩም። የ2018 ፕራይም አገኘሁ፤ ንጹሕ፣ ብዙ ያልተነዳ። ሻጩ "ከፕሪየስ ጋር አንድ ነው፣ ይሄ ደግሞ ይሰካል" አለኝ። አመንኩትና ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሰው የማመላልስበት አፕ ላይ ሳስመዘግበው አልቀበልም አለ። ለካ ከ2017 እስከ 2019 ያለው የአሜሪካ ፕራይም ከኋላ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ መሀሉ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። አምስተኛው ቀበቶ የመጣው በ2020 ሞዴል ነው። አፑ ደግሞ ያለ አምስት ቀበቶ አያሠራኝም። ሻጩ ጋ ብመለስ "ፈርመሃል እኮ" አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ገዢ እስካገኝ ሁለት ወር ምግብ አደረስኩበት። ስሸጠው 2,300 ዶላር ከሰርኩ። ለአገር ቤት ቲኬት ያስቀመጥኩት ብር ነበር።

2. ሶኬት። የእኔ ፕራይም ባትሪ 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ነበር፤ ሲሞላ ያለ ቤንዚን 25 ማይል ያህል ይሄዳል። በተራ ሶኬት ለመሙላት አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እኛ አፓርትመንት ያለነው ሶኬቱን ከየት እናመጣለን? ፓርኪንጉ ግድግዳ ላይ አንድ አግኝቼ ማታ ሰካሁ። ጠዋት የአፓርትመንቱ ቢሮ ተጠራሁ። ሴትዮዋ ቁጭ በል እንኳ አላለችኝም። "የሕንፃውን መብራት እየሰረቅህ ነው" አለችኝ፣ ሰው ፊት። በወር ልክፈል ብዬ ለመንኳት፤ ጆሮ አልሰጠችኝም። የሰው ሳንቲም ነክቼ አላውቅም። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል።

ውጭ ያለው ቻርጀርስ ትለኝ ይሆናል። አስላው። መኪናው ባትሪውን እስከ ታች ስለማያወርደው፣ 25 ማይል ለመሄድ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈልጋል። እኔን አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ35 ሳንቲም ሲያስከፍሉኝ ከ2 ዶላር አለፈ። የቤንዚን ጋሎኑ 3 ዶላር ከ20 ቢሆን ተራው ፕሪየስ ያንኑ መንገድ በ1 ዶላር ከ50 ገደማ ይጨርሰዋል። ፈጣኑ ቻርጀር ደግሞ ለዚያ መኪና አይሠራም፤ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። ሁለት ሰዓት ለሹፌር ስንት እንደሆነ ታውቀዋለህ።

አሁን የምነዳው የ2017 ተራ ፕሪየስ ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስቆም ስሄድ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ባትሪው ይሞላል። በጋሎን 52 ማይል አወጣለሁ፤ እኮራበታለሁ። ፕራይምም የሰካኸው ሲያልቅ የሚነዳው እንደዚሁ ነው። ትራንኩም ይለያያል። የዚያ የእኔ ፕራይም ባትሪ ወለሉን ከፍ አድርጎታል፣ የኤርፖርት ሻንጣ ይቸግረዋል።

ጋራዥ ያለው ቤት ከገባህ ነገሩ ሌላ ነው። መብራት በ15 ሳንቲም ከሆነ ያ 25 ማይል ከ1 ዶላር በታች ነው። ያኔ ከ2020 ወዲህ ያለውን ፕራይም ፈልግ።

መኪና ለማየት የምትሄደው እሁድ ከሆነ ጻፍልኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።