ከገዥው ስም በታች ያሉት፦ ስለ ጆርጂያ ሚድተርም ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። በቅድሚያ እንኳን ለዜግነትሽ አበቃሽ! ይህን ጥያቄ በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ እዚሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ያልሽው ባጭሩ ይሄ ነው፦ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ክላርክስተን ከተማ ነው የምትኖሪው። የ2026ቱ ምርጫ ሚድተርም ነው፤ ማለትም ፕሬዚዳንት የማይመረጥበት የአጋማሽ ዘመን ምርጫ። ከገዥው በቀር የሌሎቹን ተወዳዳሪዎች ስም ሰምተሽ አታውቂም። «ታዲያ ገዥውን ብቻ መርጬ ብወጣስ? ራንኦፍ የሚሉት ነገርስ ምንድን ነው?»

ገዥውን ብቻ መርጠሽ መውጣት ትችያለሽ። የተውሽው ባዶ ይሆናል እንጂ የመረጥሽው አይሰረዝብሽም። እኔ ግን አታድርጊው ባይ ነኝ። ለማን ድምፅ ስጪ አልልሽም፤ እሱ የራስሽ ጉዳይ ነው። ብቻ እታች የተደረደሩት ሰዎች ከዋሽንግተኑ ሰውዬ ይልቅ ለኪስሽ ይቀርባሉ።

ከቤንዚን ልጀምር፤ በደንብ የማውቀው እሱን ነው። ለዓመታት ማደያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ቤንዚን ስትቀጂ ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይተሽው ታውቂያለሽ? የግብርና ኮሚሽነሩ ስም አለበት። ግብርናና ቤንዚን ምን አገናኛቸው ትዪ ይሆናል። ጆርጂያ ውስጥ የነዳጅ መለኪያን የሚቆጣጠረው የግብርና መሥሪያ ቤቱ ነው። ተቆጣጣሪው ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። አምስት ጋሎን የሚይዝ፣ አንገቱ ላይ የልክ መስመር ያለው የብረት ዕቃ ይዟል። ከፓምፑ ይቀዳና ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያያል። ልክ ከሆነ ቤንዚኑን መልሶ ታንኩ ውስጥ ይደፋና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ካርድ ማስገቢያው ላይ ሌቦች የደበቁት ነገር ካለም ይፈትሻል። የግሮሰሪው ሚዛንም በዚሁ ቤት ሥር ነው። በርበሬና እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ልክፈት ካልሽ ፈቃድ የምትጠይቂው እነሱን ነው። ሬስቶራንት ከሆነ ግን ጉዳይሽ ከካውንቲው ጤና ቢሮ ጋር ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚመራው ሰው የሚመረጠው አንቺ «ስማቸውን አላውቅም» ባልሽው ዝርዝር ውስጥ ነው።

እንዲህ በመላው ግዛቱ ሕዝብ ድምፅ የሚያዙ ስምንት ወንበሮች አሉ፦ ገዥው፣ ምክትል ገዥው፣ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ የትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊው፣ ከዚያ የግብርና፣ የኢንሹራንስና የሌበር ኮሚሽነሮቹ። ምክትሉ እንኳ ከገዥው ጋር ተጣምሮ ሳይሆን ለብቻው ነው የሚመረጠው። ሁሉም በየአራት ዓመቱ ነው የሚመረጡት፤ ያውም ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት። በ2018፣ በ2022፣ አሁን ደግሞ በ2026። «እኔ ለፕሬዚዳንት ብቻ ነው የምመርጠው» የሚል ሰው ዕድሜ ልኩን ጆርጂያ ቢኖር ከስምንቱ አንዳቸውንም አይመርጥም። በዚህ ዓመት ደግሞ ገዥው ብራያን ኬምፕ ሁለት ጊዜ ስለተመረጡ መወዳደር አይችሉም። የገዥው ወንበር ክፍት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ራንኦፉ ልምጣ። ሁለቱን ጥያቄዎችሽን አንድ ላይ የሚመልስልኝ የ2018ቱ የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ምርጫ ነው። ይህን ሰው ከዋሽንግተኑ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ጋር እንዳታምታቺው። የኛው የግዛቱን ምርጫ ያስተዳድራል። ኤልኤልሲ (የግል ድርጅት) የምትመዘግቢውም እሱ ጋ ነው። የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው ቦርድም በመሥሪያ ቤቱ ሥር ነው፤ በየሁለት ቤቱ ነርስ ላለበት ለእኛ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በኖቬምበር 2018 ሪፐብሊካኑ ብራድ ራፈንስፐርገርና ዲሞክራቱ ጆን ባሮው ለዚህ ወንበር አንገት ለአንገት ተናነቁ። የሊበርታሪያን ፓርቲው ተወዳዳሪ ደግሞ ሁለት በመቶ ገደማ ወሰደ። በጆርጂያ ሕግ ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ግድ ነው። ከሌላው በልጦ መገኘት ብቻውን አይበቃም። ሁለቱም ግማሹን ስላላለፉ ዲሴምበር 4 ላይ ሁለቱ ብቻ እንደገና ተወዳደሩ። ራንኦፍ ማለት ይሄ ነው። ኖቬምበር ላይ ከ3.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጥቶ ነበር። ዲሴምበር ላይ ግን 1.5 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው እቤቱ ቀረ። ራፈንስፐርገር 52 በመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ።

ያኔ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት? ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ዶናልድ ትራምፕ ደውለው 11,780 ድምፅ እንዲገኝላቸው የጠየቁት እኚሁን ሰውዬ ነው። በ2020ው የፕሬዚዳንት ምርጫ ጆ ባይደን ጆርጂያን ያሸነፉት በ11,779 ድምፅ ነበርና። ራፈንስፐርገር እሺ አላሉም። የፈለግሽውን ፓርቲ ደግፊ፣ የዚያን ቀን ስልኩን ማን ያነሳል የሚለው የተወሰነው ብዙ ሰው ባልወጣበት የዲሴምበር ማክሰኞ ነው።

በዚያው 2018 ኬምፕ ዲሞክራቷን ስቴሲ ኤብራምስን ያሸነፉት 50.2 በመቶ አግኝተው ነው። ትንሽ ቢጎድልባቸው ኖሮ የገዥውም ምርጫ ወደ ራንኦፍ ይሄድ ነበር።

የኢንሹራንስ ኮሚሽነሩ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ጂም ቤክ የሚባሉ ሰው ተመርጠው ጃንዋሪ 2019 ቢሮ ገቡ። ሜይ ላይ ተከሰሱ! ክሱ ከመመረጣቸው በፊት ይሠሩበት ከነበረው ድርጅት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ መዝብረዋል የሚል ነበር። በ2021 ጥፋተኛ ተብለው ከሰባት ዓመት በላይ ተፈረደባቸው። ገዥው በምትካቸው ጆን ኪንግን አስቀመጡ፤ ኪንግም በ2022 በምርጫ አሸንፈው ቀጠሉ። እንግዲህ የመኪናሽ ኢንሹራንስ ሲያሻቅብ፣ ወይም ኩባንያው ካሳ አልከፍልም ሲልሽ፣ አቤት የምትዪው እዚህ ቢሮ ነው። የእሳት አደጋ ደኅንነት ቁጥጥርም እነሱ ጋ ነው።

ሌበር ኮሚሽነሩ የሥራ አጥ ክፍያን ነው የሚይዘው። በኮቪድ ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ስለሱ መንገር አያስፈልገውም። ዐቃቤ ሕጉ ግዛቱን ወክሎ ይከራከራል፤ የሸማቾች አቤቱታም ይቀበላል። የኢሚግሬሽን ወረቀት እናስጨርስልሻለን ብሎ ገንዘብሽን የበላ ሰው ካለ የሚከሰስበት አንዱ በር እሱ ነው። ምክትል ገዥው የሴኔቱን ስብሰባ ይመራል። የትምህርቱ ኃላፊ የግዛቱን ትምህርት መሥሪያ ቤት ይመራል፤ የልጅሽ ትምህርት ቤት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ግን የካውንቲው ቦርድ ነው።

ከስምንቱ ውጭ ሌላም አለ። የመብራት ሂሳብ! ጆርጂያ ፓወር ስንት ያስከፍልሽ የሚለውን የሚያጸድቀው ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን የሚባል አምስት ሰዎች ያሉበት አካል ነው። እነሱንም የሚመርጠው የመላው ግዛቱ ሕዝብ ነው። ምርጫው ግን በፍርድ ቤት ክርክር ተይዞ በ2022ም በ2024ም ሳይካሄድ ቀረ። በዚያው መሃል ሂሳቡ ደጋግሞ ጨመረ። ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀውና ዓመታት የዘገየው የቮግል ኒውክሌር ጣቢያ ወጪም እኛው ላይ አረፈ። በኖቬምበር 2025 ምርጫው ሲመለስ ሁለት ዲሞክራቶች፣ አሊሺያ ጆንሰንና ፒተር ሀባርድ፣ ከ60 በመቶ በላይ አግኝተው ገቡ። ከ2006 ወዲህ ዲሞክራቶች እንዲህ ያለ የግዛት ወንበር አሸንፈው አያውቁም ነበር። ሌላው ምክንያት ምንም ይሁን፣ ሰው የመብራት ሂሳቡን እያየ እንደመረጠ ግልጽ ነው። በ2026ም የዚህ ኮሚሽን ወንበሮች ለምርጫ ይቀርባሉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጊያቸው። መብራትሽ ከጆርጂያ ፓወር ሳይሆን ከኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ዋጋሽን እነሱ አይወስኑም፤ ድምፅ ግን መስጠት ትችያለሽ።

ቀኖቹን ያዢ። ፕራይመሪው፣ ማለትም ፓርቲዎቹ ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ምርጫ፣ ሜይ 19 ነው። ግማሹን ያላለፈ ካለ ራንኦፉ ጁን 16 ይሆናል። ዋናው ምርጫ ኖቬምበር 3፣ የሱ ራንኦፍ ደግሞ ዲሴምበር 1፣ ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ። ጆርጂያ ውስጥ የፓርቲ አባል ሆነሽ መመዝገብ የለብሽም። በፕራይመሪው ዕለት የድምፅ መስጫ ወረቀቱ የዲሞክራት ይሁን የሪፐብሊካን ብለው ይጠይቁሻል፤ የፈለግሽውን ትመርጫለሽ። ብቻ ሜይ ላይ የአንዱን ፓርቲ ከወሰድሽ ጁን ላይ ወደ ሌላው መዝለል አይቻልም። ከፓርቲ ነፃ የሆነ ወረቀትም አለ። ዳኞቹ የሚመረጡት በእሱ ነው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞችም ሳይቀሩ፣ ያውም ሜይ ላይ። «ዋናው ኖቬምበር ነው» ብለሽ ከጠበቅሽ ዳኞቹ አልፈውሻል።

ከሁሉም በላይ ግን አዲስ ዜጋ ስለሆንሽ ምዝገባሽን አደራ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሽው በግሪን ካርድ ዘመን ከሆነ ዲዲኤስ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ መሥሪያ ቤት) ጋ ያለው መዝገብ ዜጋ አይደለችም ሊል ይችላል። የምርጫ ምዝገባሽ ከዚያ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። በ2018 ከ50 ሺህ በላይ ምዝገባዎች፣ አብዛኞቹ ስም ወይም ሌላ መረጃ ከመዝገብ ጋር ባለመግጠሙ፣ ተንጠልጥለው ነበር። ዜጋ ሆነው ሳለ የታገዱ ሰዎች ማስረጃቸውን ምርጫ ጣቢያው ላይ አሳይተው እንዲመርጡ የፈቀደችው ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዲት የፌዴራል ዳኛ ናት። በ2019 የስም ጉዳይ ላላ ተደርጓል። የዜግነቱ ማመሳከሪያ ግን አለ። ስለዚህ የዜግነት ወረቀትሽን ወይም ፓስፖርትሽን ይዘሽ ዲዲኤስ ሂጂና አሳድሺው። የእኛ ስም ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሌላው ላይ የአያት ስም ይገባል። ሦስተኛው ላይ «ወልደ» ተነጥሎ ይጻፋል። መንጃ ፈቃድሽ፣ ሶሻል ሴኩሪቲሽና የዜግነት ወረቀትሽ በፊደል ይግጠሙ።

ከዚያ ማይ ቮተር ፔጅ የሚለው የግዛቱ ድረ ገጽ ላይ ግቢ። መመዝገብሽን፣ የምትመርጪበትን ቦታ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ናሙናም ታገኚያለሽ። ምዝገባ ምርጫው ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ይዘጋል። በዕለቱ ሄጄ እመዘገባለሁ የሚባል ነገር እዚህ የለም። እኔ ናሙናውን አትሜ ማታ ማታ አንድ ሁለት ስም እፈልጋለሁ፤ ምልክት አድርጌ ይዤው እገባለሁ። ከምርጫው ቀን በፊት ድምፅ የሚሰጥበት ቅድሚያ ምርጫ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ቅዳሜም አለ። በራንኦፍ ጊዜ ግን አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ሰው የሚያመልጠው አንዱ በዚህ ነው። ፎቶ ያለው መታወቂያ አትርሺ። እናትሽ ወይም አክስትሽ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ የፈለጉትን ሰው ይዘው ገብተው ሊያስነብቡ የፌዴራል ሕግ ይፈቅድላቸዋል፤ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ብቻ አይሁን። ሰልፍ ለያዘ ሰው ውሃ ላድል ብለሽ ግን እንዳትነሺ። በ2021 የወጣው ሕግ በምርጫ ጣቢያው ዙሪያ ከልክሎታል። ለኛ ሰው የሚዋጥ ባይሆንም ሕግ ሕግ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይሄ ለሌሎቻችሁም ነው። ግሪን ካርድ ያላችሁ ሰዎች፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ቅጹ ለምርጫም ሊመዘግባችሁ ይችላል። ዜጋ ነህ ወይ የሚለውን ሳታነቡ አትለፉት። ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ወንጀል ነው፤ ከሀገር ሊያስባርርም ይችላል። በስህተት ተመዝግቤያለሁ ብሎ የሚጠረጥር ካለ ምንም ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር።