ካራክተሬን ማን ገደለው? ስለ ሮልፕሌይ ሕግ ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

ሰላም ናችሁ? ደሴ ነኝ፣ አቦሉ ወርዷል። ትናንት "ስለ ሮልፕሌይ ሕግ ያላችሁን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፤ የመጣው ጥያቄ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ለአዲስ ሰው፦ ሮልፕሌይ የምንለው እየተቀባበሉ ታሪክ መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር፣ ማለትም አንድ የታሪኩን ሰው፣ ይይዛል። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው በራሱ ካራክተር አፍ ይመልሳል። እኛ ቴሌግራም ላይ አሥራ አራት ነን፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ። ታሪካችን ከ1906 እስከ 1909 ዓ.ም. በንጉሥ ሚካኤል ደሴ ውስጥ ነው። በቅሎ ጫኝ አለ፣ ደብተራ አለ፣ የባቲ ነጋዴ አለ። አይጠየፍ በሚባለው የንጉሡ ግብር አዳራሽ ውስጥ ጠጅ እየቀዳች ወሬ የምትለቅምም አለች። እሷ የኔ ናት።

ጥያቄ፦ ለጨዋታ ሕግ ምን ያደርጋል? ሕግ ሲበዛ ይደብራል።

መልስ፦ እንቆቅልሽ ተጫውተህ ታውቃለህ አይደል? "እንቆቅልህ" ሲሉህ "ምን አውቅልህ" ትላለህ። መልሱ ሲጠፋህ አገር ትሰጣለህ። ሕግ ነው ብሎ ያስጠናህ የለም፣ ግን ሕግ ነው። አገር አልሰጥም ያለ ልጅ ሁለተኛ አያጫውቱትም። ዕቃ ዕቃም ቢሆን "አንቺ እናት፣ እኔ አባት" ተባብለን ነበር የምንጀምረው። ጸብ የሚነሳው አንዷ መሐል ላይ "አሁን እናት እኔ ነኝ" ስትል ነው።

ልዩነቱ፣ ያኔ ፊት ለፊት ነበርን። ጓደኛህ ሲከፋው ፊቱ ላይ ታያለህ። ቴሌግራም ላይ ፊት የለም። ኮምቦልቻ ያለው ልጅ እየሳቀ የጻፈውን ወልድያ ያለችው ልጅ እያለቀሰች ልታነበው ትችላለች። ሕጉ የዚያ ፊት ምትክ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ሕግ አላችሁ?

መልስ፦ ሰባት። መጀመሪያ ሠላሳ አንድ ነበር። ማንም አላነበበውም። እኔ ራሴ የጻፍኩትን ረስቼ ስጥሰው ተያዝኩ። አሁን ግሩፑ ላይ ፒን የተደረገው በአንድ የስልክ ስክሪን ያልቃል።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ ሁልጊዜ ያሸንፋል። እኔ ስሰነዝር "ሳተኝ" ይላል፣ እሱ ሲሰነዝር "ወደቀ" ይላል። ምን ላድርገው?

መልስ፦ አብሽር፣ ይሄ የሁሉም ግሩፕ በሽታ ነው። ፈረንጆቹ ጎድሞዲንግ ይሉታል፣ እኛ "ፈጣሪ መሆን" እንለዋለን። የኛ ሕግ ቁጥር አንድ "የራስህን ካራክተር ብቻ ጻፍ" ይላል። መሰንዘሩ ያንተ ነው። መመታት አለመመታቱን የሚጽፈው የካራክተሩ ባለቤት ነው።

እንዲህ ተብሎ አይጻፍም፦ "ጎራዴዬን መዝዤ ትከሻውን ሰነጠቅሁት፤ እየተንቀጠቀጠ ተንበረከከ፤ ይቅርታዬን ለመነ።" እንዲህ ነው የሚጻፈው፦ "ጎራዴዬን መዝዤ ወደ ትከሻው ሰነዘርኩ።" ነጥብ። ስልክህን አስቀምጥና ጠብቅ። ጨዋታው ያለው እዚያ መጠበቅ ላይ ነው። ሌላው ሊመታ ይችላል፣ ሊያመልጥ ይችላል፣ ወይም ያላሰብከውን ያመጣብሃል። አንዴ ደብተራችን ጎራዴ ተሰንዝሮበት "ዞር በል ልጄ፣ ጥላህ መጽሐፌ ላይ ወደቀብኝ" ብሎ መለሰ። ተዋጊው ምን ብሎ ይቀጥል? ሦስት ቀን ስንስቅ ከረምን።

እውነቱን ልናገር፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት ራሴ አጥፍቼ ነው። በመጀመሪያው ታሪካችን አንዲት ልጅ ካራክተሯን ሁለት ወር ስትገነባ ከርማለች። እናቷ ማን እንደነበሩ፣ ለምን ጨለማ እንደምትፈራ፣ ሁሉን ጽፋለች። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጦሳ ተራራ ገደል ጣልኳት። ለታሪኩ አሪፍ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ "ለምን?" እንኳ አላለችኝም፣ ከግሩፑ ወጣች። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር ብላኛለች። ግን አልተመለሰችም።

ሕጉ ታዲያ ቀዳዳ አለው። አንተ የከሰስከው ልጅ እንዳገኘው ሁሉ፣ "ሳተኝ" ማለት የማይሰለቸው ሰው ይገባበታል። ስለዚህ ሁለተኛ ጨመርን፦ "ከሦስት ምት አንዱን ቅመስ።" ካልተስማሙ ደግሞ የቴሌግራምን የዳይስ ኢሞጂ እንልካለን። ራሱ ተንከባሎ ከ1 እስከ 6 አንዱን ያወጣል። ከ4 በላይ ከሆነ ምቱ አግኝቷል። ከዳይስ ጋር የተጨቃጨቀ እስካሁን አላየሁም።

ጥያቄ፦ ሜታጌሚንግ የሚሉት ምንድነው?

መልስ፦ አንተ የምታውቀውን ካራክተርህ እንደሚያውቅ አድርጎ መጻፍ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ እንደተሸነፉና እንደተማረኩ ሁላችንም እናውቃለን። የ1908ቱ በቅሎ ጫኝ ግን ከየት ያውቃል? አንዱ ልጃችን ግን "እኔ ወደ ሸዋ አልዘምትም፣ ሰገሌ ላይ እንሸነፋለን" አስባለው። ማን ነገረህ ቢባል "ሕልም አየሁ" አለ። ደብተራው ሕልሙን ፈታለትና "ይሄ የሠርግ ነው፣ ልታገባ ነው" አለው። በቅሎ ጫኙ ወዶ ሳይሆን በግድ ተዳረ። በታሪኩ ውስጥ ሆኖ ስህተትን እንዲህ ማረም ከተቻለ ከማስጠንቀቂያ ይሻላል።

ሌላው ዓይነት የሰው ሐሳብ ማንበብ ነው። እኔ "ጠጅ እየቀዳሁ በልቤ ሰደብኩት" ብዬ ከጻፍኩ፣ ስድቡን አንባቢው ነው የሰማው። ያንተ ባላምባራስ አልሰማም። ስለዚህ አይቆጣም።

ጥያቄ፦ ሕጉን ጽፈናል። ግን ሁሉም በየራሱ ይተረጉመዋል።

መልስ፦ ይሄን ወሎ ሆነሽ ስትጠይቂኝ ደስ ይለኛል። ውጫሌ እኮ እዚሁ ናት፣ ከሐይቅ ወደ ወልድያ ስትሄጂ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል አስቢው። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም "ይቻላቸዋል" ይላል። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። የአንድ ግስ ጣጣ ዐድዋ ድረስ ሄደ።

ሕጋችሁን አውጪና ግሶቹን ብቻ እያየሽ አንብቢው። "ይመረጣል" የሚል ካለ፣ ሕግ ነው ወይስ ምክር? "በተቻለ መጠን ቶሎ መልሱ" የሚለውን እኛ "በሦስት ቀን ውስጥ መልስ፣ ካልቻልክ አሳውቅ" አልነው። "ነውር አትጻፉ" የሚለውን ጭራሽ ሰረዝነው። የአንዱ ነውር ለሌላው ቀልድ ነው። በምትኩ የማይጻፉትን አራት ነገሮች በስማቸው ዘረዘርን።

ጥያቄ፦ ታሪካችሁ ጦርነት አለበት። የቅርቡን ጦርነት ያየ ሰው ቢረበሽስ?

መልስ፦ ለመመለስ የከበደኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ሰገሌ መቶ ዓመት አልፎታል። የ2014ቱ ግን ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም በየቤቱ ገብቷል። ከአሥራ አራታችን ቤቱን ጥሎ ያልወጣ ጥቂት ነው። ስለዚህ የቅርቡን ጦርነት ጭራሽ አንጽፍም፣ ተስማምተን ነው። ለድሮውም ቢሆን ሁለት ነገር ለየን። ጠረጴዛ ዙሪያ ሮልፕሌይ ከሚጫወቱት ፈረንጆች የተቀዳ ነው፣ ጠቅሞናል።

አንደኛው መስመር ነው። መስመር ያልነው ነገር ታሪኩ ውስጥ በፍጹም አይገባም። የኛ ለምሳሌ ሴትን መድፈርና ልጅን ማሰቃየት ነው። ሁለተኛው መጋረጃ ነው። ነገሩ በታሪኩ ሊደርስ ይችላል፣ ግን መጋረጃ ይወርድበታል። "ሌሊቱ ክፉ ነበር፤ ሲነጋ..." ብለን እናልፋለን። አዲስ የሚገባ ሰው መስመሩንና መጋረጃውን ለአድሚን በኢንቦክስ ይጽፋል። ምክንያቱን አንጠይቅም። ማን እንደጻፈው ሳይነገር ዝርዝሩ ላይ ይጨመራል።

መሐል ላይ የሚመጣም አለ። አሜሪካዊው ጆን ስታቭሮፖውሎስ ኤክስ ካርድ የሚባል ነገር አምጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ይቀመጣል፤ የከበደው ሰው ይነካዋል፣ ትዕይንቱ ይቀየራል። እኛ ካርድ የለንም፣ "በቃኝ" ብለን እንጽፋለን። "በቃኝ" ከተባለ በኋላ "ምነው?" ብሎ የጠየቀ ራሱ ሕግ ጥሷል።

ጥያቄ፦ ክርስቲያን ሆኜ የሙስሊም ካራክተር ብጽፍ ያስቀይማል?

መልስ፦ ወሎ ላይ ይሄ ይጠየቃል እንዴ? ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ነበሩ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ነው የተጠመቁት። የኛ ሼህ ካራክተር ባለቤት ክርስቲያን ናት፣ የደብተራው ባለቤት ሙስሊም ነው። ዱዓውንም ቅኔውንም ከመለጠፋቸው በፊት እርስ በርስ ያሳያያሉ። ሕጉ ይሄው ነው፦ የማታውቀውን ሥርዓት ከራስህ አትፍጠር፣ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የዕድሜ ባለጸጋ ነኝ። የ15 ዓመት ልጄ ይህን ነገር ሌሊት ሁሉ ሲጽፍ ያድራል። ልከልክለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይከልክሉት። ከማን ጋር እንደሚጽፍ ግን ይወቁ። ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር ቢጽፉ ጥሩ ነው። አዋቂዎች ያሉበት ከሆነ አድሚኑ ዕድሜውን ማወቅ አለበት። በኛ ግሩፕ ከ18 በታች የሆነ ሰው ካራክተር የፍቅር ትዕይንት ውስጥ አይገባም። ድርድር የለውም። ደግሞ አንድ ምልክት ልንገርዎት፦ "ግሩፑን ትተን ኢንቦክስ ብቻችንን እንጻፍ፣ ለማንም አትንገር" የሚለው ሰው ካለ እሱን ያስቁሙልኝ። ሌሊቱን ግን ይቆጡት፣ ትምህርት አለበት።

ጥያቄ፦ ካራክተሩ ሲናገርና ሰውዬው ሲናገር እንዴት ትለያላችሁ?

መልስ፦ በድርብ ቅንፍ። ቅንፍ ውስጥ ያለው እኔ ነኝ፣ ውጪ ያለው ጠጅ ቀጂዋ ናት። ካራክተሯ ብትሰድብህ እኔ አልሰደብኩህም። ግን ሦስት ቀን በተከታታይ ካራክተሬ ካራክተርህን ብቻ ለይታ ከሰደበች፣ ምናልባት እኔው ነኝ። ያኔ በቅንፍ ጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ታሪኩ ይቆማል?

መልስ፦ በፊት ይቆም ነበር። አሁን ሦስት ቀን ያልተሰማ ሰው ካራክተር "ባቲ ወረደ" እንላለን። የሰኞ ገበያ ነው፣ ግመል ይጫናል፣ መንገዱ ይረዝማል፣ ማንም አይጠይቅም። ባለቤቱ ሲመለስ ካራክተሩ ጨው ይዞ ይገባል። አንዴ መብራት ጠፍቶ ሌላው ሁሉ ባንድ ሳምንት ባቲ ወረደ። ደሴ ውስጥ የቀረነው ደብተራውና እኔ ብቻ ነበርን።

ጥያቄ፦ ሕግ የጣሰን ወዲያው ታስወጣላችሁ?

መልስ፦ ኧረ አቦ! መጀመሪያ በኢንቦክስ፣ ቀጥሎ በግሩፑ፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ዝም ማሰኘት። አድሚኗ እኔ ስከሰስ ግን እኔ አልፈርድም። ሁለቱም ወገን የሚቀበሏቸው ሦስት ሰዎች ያዩታል። ወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች ያሉበት አገር ነው፣ ሽምግልናን ከቴሌግራም አልተማርንም። ወዲያው የሚያስወጣ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ የሰውን የኢንቦክስ ስክሪንሾት ውጪ መበተን።

ጥያቄ፦ ታሪኩን መጽሐፍ ብናደርገው የማን ነው?

መልስ፦ የሁላችሁም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጋራ ሥራን ያውቃል። የጻፉት ሁሉ ባለቤት ናቸው። አድሚን ስለሆንሽ ብቻ ያንቺ አይሆንም። ከመጀመሪያው ቀን "ሁሉም ሳይፈቅድ አይታተምም" ብላችሁ ጻፉ። ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ሕግ ጸብ ነው።

ጥያቄ፦ በኤአይ ማስጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ እኛ ጋ አይቻልም። ፊደል ማረም ይቻላል። የራሴ ምክንያት ቀላል ነው፦ ደብተራው ምን ይለኝ ይሆን ብዬ የማድረው ከደብተራው በስተጀርባ ሰው ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ ይሄ ነገር መቼ ተጀመረ?

መልስ፦ በጽሑፍ መልኩ ከኢንተርኔቱ ይቀድማል። በፈረንጆች 1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ታተመ። በ1978 ደግሞ እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮይ ትሩብሾው የሚባል ተማሪ ብዙ ሰው በጽሑፍ ብቻ የሚጫወትበትን መድ የተባለ ፕሮግራም ጀመረ፤ ሪቻርድ ባርትል ቀጠለው። እየተቀባበሉ መናገሩ ግን፣ እንካ ስላንትያ ያለ ሰው ከፈረንጅ የሚማረው ብዙ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ እናንተ ጋ ቦታ አለ?

መልስ፦ አንድ አለ። በቅሎ ጫኙ ሰው ይፈልጋል። የቀድሞው ባለቤት ባቲ ከወረደ አራት ወር ሆነው፣ የበቅሎ ጫኙ ሚስትም ደብተራውን "ሕልሙን ፍታልኝ" እያለች አስቸግራዋለች።