ሕፃን ይዞ መንገድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ስለመጓዝ የላኩልኝ ጥያቄዎች ስለበዙ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። መልሶቼ ሁሉ የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ ጉዞ በልጁ ልክ ሲሰፋ ለወላጆቹም ይበቃል፣ በወላጆቹ ምኞት ልክ ሲሰፋ ግን ለማንም አይሆንም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ በታኅሣሥ ወር ዕድሜዋ 22 ወር ይሆናል። ያኔ ለገና ወደ እናቴ፣ ወደ አዲስ አበባ ይዣት ሄጄ ሦስት ወር ለመቆየት አስቤአለሁ። ምን ምን ልዘጋጅ?

መልስ፦ በቅድሚያ የመመለሻውን ቀን ይመልከቱ። አየር መንገዶች ሕፃንን በወላጅ ጭን ላይ የሚያጓጉዙት ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ብቻ ነው። ልጅዎ አዲስ አበባ ሳለች ሁለት ዓመት ስለሚሞላት፣ ስትሄድ በጭንዎ ብትሄድ እንኳ ስትመለስ የራሷ መቀመጫ የግድ ያስፈልጋታል፤ ይህንም ሻንጣ ሊያስመዝኑ ተሰልፈው ከሚሰሙት አሁኑኑ ቢያስይዙት ይሻላል። አቅምዎ ከፈቀደ መቀመጫ ለመሄጃውም ይግዙላት። ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ ያለው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ደግሞ ግድግዳ ላይ ለሚገጠመው የሕፃን አልጋ ብዙውን ጊዜ ትከብዳለች። የምትጠጣው ወተት ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም በፍተሻ ስለሚያልፍ፣ ከሻንጣው ለይተው በማውጣት ለፈታሾቹ ይንገሯቸው። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ይስጧት፤ ስትውጥ ጆሮዋን የሚይዛት ሕመም ይቀልላታል።

ሐኪሟን ከጉዞው ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብለው ያነጋግሩ። ሁለቱ የኩፍኝ ክትባቶች ቢያንስ በ28 ቀናት ልዩነት የሚሰጡ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሮጥ አይጠቅምም። የቢጫ ወባ ክትባት ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄዱ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ይመከራል፤ በመርፌ የሚሰጠው የታይፎይድ ክትባት ግን ከሁለት ዓመት ጀምሮ ስለሆነ፣ እስከዚያ መከላከያዋ የፈላ ውኃና ትኩስ የበሰለ ምግብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወባ የለም። ከ2,500 ሜትር በታች ወዳሉ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ ከሆነ ግን ስለ መከላከያው መድኃኒት ሐኪሟን ይጠይቁ።

ስለ እንቅልፍ ከራሴ ቤት ያየሁትን ልንገርዎት። በአሜሪካ የብርድ ወራት አዲስ አበባ ከዋሽንግተን ስምንት ሰዓት ትቀድማለች፤ ቦሌ ላይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን የልጅዎ ሰውነት ገና ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የእኔ ልጅ የመጀመሪያዎቹን አራት ሌሊቶች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብድግ ብላ እየነቃች ቁርስ ትጠይቅ ነበር። እኔ መብራት አጥፍቼ ላስተኛት ስታገል እናቴ ግን ነጠላዋን ደርባ ተነሣችና በጀርባዋ አዝላት፣ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለች የጎረቤት ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ አዜመችላት። በአምስተኛው ቀን ልጅቷ እስኪነጋ ተኛች። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የዘመድ ግብዣ አይቀበሉ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ያውጧት፣ የቀኑ እንቅልፏም ከሁለት ሰዓት በላይ አይርዘም።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምንኖረው፤ ወንድ ልጃችን አራት ዓመቱ ነው። ሦስታችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አለን። በአሥር ቀን አምስት አገር በባቡር ማዳረስ እንችላለን?

መልስ፦ ሕጉ ይፈቅድላችኋል። የጸና ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በጋራ የቪዛ ስምምነት ሥር ባሉት በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መቆየት ይችላል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም በዚሁ ሥር ናት፤ እንግሊዝና አየርላንድ ግን ስላልሆኑ ቪዛቸውን ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጀርመን ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ስለጀመረች፣ የልጁም ፓስፖርትና ፈቃድ ጭምር ከእጅ ቦርሳችሁ አይለይ።

ልጁ ግን አምስት አገር አይችልም፤ ሁለት በቂው ነው። በየሁለት ቀኑ አልጋ የሚቀይር የአራት ዓመት ልጅ ከተማ ሳይሆን የሆቴል መተላለፊያ ያያል። እኔ ብሆን የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ከፍራንክፈርት ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቀው በስትራስቡርግ አሳልፋለሁ። ከዚያ የከተማው ትራም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራይን ወንዝን ተሻግሮ እስከ ጀርመኗ ኬል ከተማ ይሄዳል፤ ሁለቱን ዳርቻዎች የሚያገናኝ የእግረኛ ድልድይም አለ። ልጁን ድልድዩ መሐል አቁማችሁ አንድ ጊዜ ወደ ፈረንሳይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጀርመን እንዲሮጥ ተዉት፤ ድንበር ማለት ምን እንደሆነ በእግሩ ያውቀዋል። የቀሩትን ቀናት በኮብሌንዝ ማሳለፍ ይቻላል። ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ባቡሩ የራይንን ዳር ተከትሎ ስለሚጓዝ በየኮረብታው ላይ ያሉትን አሮጌ ግንቦች በመስኮት መቁጠር ይቻላል፤ ኮብሌንዝ ሲደርሱም ከወንዙ በላይ ወደ ምሽጉ የሚወስድ የገመድ መኪና አለ።

በጀርመን ባቡር ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይሳፈራል፤ ሆኖም ነፃ መሳፈር መቀመጫ አያስገኝለትምና ወንበር ያስይዙለት። አይሲኢ በተባለው ፈጣን ባቡር ውስጥ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የተለየ ክፍል ስላለ፣ ቦታ ሲይዙ እርሱን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሚኒያፖሊስ ነኝ። ከአምስት ዓመት ልጄ ጋር፣ ያለ አባቱ፣ ቶሮንቶ ወዳለችው እኅቴ እሄዳለሁ። ችግር ይገጥመኝ ይሆን?

መልስ፦ እኛ ሐበሾች በዚህ ነገር ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለብን። የልጁ ስም የሚከተለው የአባቱን ስም ነው፤ የእርስዎ ስም የሚከተለው ደግሞ የእርስዎን አባት ስም ነው። ድንበር ላይ ያለው ሠራተኛ ሁለቱን ፓስፖርቶች ሲያስተያይ የሚያገናኝ የቤተሰብ ስም ስለማያገኝ «ልጁ የእርስዎ ነውን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ በአማርኛ ከሆነም ከተረጋገጠ ትርጉሙ ጋር ይያዙ። አባቱ የጉዞውን ቀን፣ የሚያርፉበትን አድራሻና ስልኩን ጠቅሶ መፍቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ በኖታሪ ፊት ይፈርም፤ የካናዳ ባለሥልጣናትም ይህን ደብዳቤ መያዝን ይመክራሉ። ልጁ ገና የአሜሪካ ፓስፖርት ካላወጣ፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሁለቱም ወላጆች ስምምነት እንደሚጠየቅና ፓስፖርቱ የሚያገለግለው አምስት ዓመት ብቻ እንደሆነ ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «የሁለት ዓመት ልጅ ምንም አያስታውስም፤ እስኪያድግ እንጠብቅ» ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልጁ አያስታውስ ይሆናል፤ አያቶቹ ግን ያስታውሳሉ፣ እነርሱም በየዓመቱ ያረጃሉ። እኛ «ሲያድግ» እያልን ሁለት ጊዜ ካስተላለፍነው በኋላ አባቴ ዓይኑ ደክሞ የልጄን ፊት በጣቱ እየዳሰሰ ለመለየት ሲሞክር አይቻለሁ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ አሁን ሂዱ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ እንመጣለን። ስድስትና ሦስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ከዘመድ ቤት ውጪ የት ልውሰዳቸው?

መልስ፦ በሳምንት ሁለት ቀን ለልጆቹ ብቻ ይለዩና ዘመድን አስቀድመው ያሳውቁ። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አሳዩአቸው፤ ታላቁ ልጅ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር ይወደዋል። አንድነት ፓርክ ውስጥ ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶች አሉ። ቢሾፍቱ ከ50 ኪሎ ሜትር ስለማትርቅ ከሐይቆቿ ዳር ውሎ ማታ መመለስ ይቻላል። ሦስት ቀን ካላችሁ ሐዋሳ ሂዱና ማለዳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ድረሱ፤ አሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ለመልቀም ከልጁ ቁመት የሚበልጡ አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች በሰው መሐል ሲንጎራደዱ ታያላችሁ። የመኪና ወንበራቸውን ከዱባይ ይዛችሁ ኑ፤ በብዙ ታክሲዎች የኋላ መቀመጫ ላይ የሚሠራ ቀበቶ እንኳ አይገኝም። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ደኅንነት በዚያው ሳምንት የተመለሰ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ገንፎ የእናቴን ቅቤ ወደ ስቶክሆልም ይዤ መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከመንገደኛ ሻንጣ ስለሚወስድ ቅቤውም ቋንጣውም ይቀራል። በሶና የአጥሚት ዱቄት ቅቤ ካልገባባቸው መልካም ናቸው። ቆሎውን ግን ትልልቆቹ ይብሉት፤ ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅን ሊያንቀው ይችላል።